የምታንጠባጥበው ቧንቧ

ሰላም፣ እንደምን ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ደብተር አርሜ ገና መጨረሴ ነው። ድምፄ ላይ ድካም ከሰማችሁ ከዚያ የመጣ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፕሮጀክት ነው። ወላጆች ይሄን ቃል ስትሰሙ ምን ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ልጅ «እማ፣ ለነገ ፕሮጀክት አለብኝ» ይላል። ካርቶን ፍለጋ፣ ኮላ ፍለጋ ይጀመራል። ልጁ ይተኛል፤ እናት እስከ እኩለ ሌሊት የካርቶን ቤት ስትሠራ ታመሻለች። ጠዋት ክፍል ውስጥ ይደረደራል። አሥር ከአሥር። እኔም ለዓመታት እንደዚህ ዓይነት ሥራ አዝዣለሁ። ልጁ ምን ተማረበት ብዬ ግን አልጠየቅኩም።

በፕሮጀክት ማስተማር የሚባለው ሌላ ነው። መጀመሪያ አንድ እውነተኛ ጥያቄ ይያዛል። መልሱን መምህሩም ላያውቀው ይችላል። ልጆቹ ያንን ለመመለስ ይለካሉ፣ ያነባሉ፣ ሰው ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ። ሂሳቡም፣ ሳይንሱም፣ አማርኛውም በዚያ በኩል ይገባል። በመጨረሻ ያገኙትን ለሚመለከተው ሰው ያቀርባሉ።

ባለፈው ዓመት ዳይሬክተራችን ይሄን ለአንደኛ ደረጃ መምህራኖቻችን እንዳስተዋውቅ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ። ትርጉሙን፣ ባህሪውን፣ ደረጃዎቹን በትልቅ ወረቀት ጽፌ ገባሁ። አርባ ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። ስጨርስ ከኋላ አንድ ጥያቄ መጣ። «ፖርሽኑስ? በዓመቱ መሸፈን ያለበት ትምህርት መቼ ሊያልቅ ነው?»

ከዚያ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መምህር ተነሡ። «ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት አስተማርኩ። ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ። አንድ ለአምስት የሚባለው የቡድን አደረጃጀትም መጥቶ ነበር» አሉኝ።

አልተቀየምኳቸውም። እውነታቸውን ነው። ለመምህር አዲስ ነገር ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የሚሞላ ፎርም ሆኖ ነው። እኔም ይሄ አዲስ ነገር አይደለም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። አሜሪካዊው ፈላስፋና የትምህርት ሊቅ ጆን ዱዊ በ1896 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ውስጥ በከፈተው ትምህርት ቤት ልጆች ምግብ እያበሰሉ፣ እየሸመኑ፣ እንጨት እየሠሩ ይማሩ ነበር። ተማሪው የነበረው ዊልያም ኪልፓትሪክ ደግሞ በ1918 ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ጽፎ ነገሩን በአሜሪካ መምህራን ዘንድ አስፋፋው። ይሄን ሁሉ ነገርኳቸው። ማንም አልተነቃነቀም።

ማታ ቤቴ ሆኜ ሳስበው ስህተቴ ገባኝ። በመሥራት ስለ መማር፣ ሰዎቹን አስቀምጬ ሌክቸር ሰጥቻቸዋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ወረቀቱን ቤት ተውኩት። አንድ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይዤ ወደ ግቢው ወሰድኳቸው። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለችው ቧንቧ ሁልጊዜ ታንጠባጥባለች። ሁላችንም በየቀኑ እናልፋታለን። ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር። «ይቺ ቧንቧ በሳምንት ስንት ጀሪካን ውኃ ታፈሳለች?»

ሃይላንዱ በአሥራ አምስት ደቂቃ ሞላ። አንዷ መምህርት ወዲያው በመዳፏ ላይ በእስክሪብቶ አሰላች። በሰዓት ሁለት ሊትር፣ በቀን አርባ ስምንት። «በሳምንት ሰባት ቀን ነው፣ አባዢው» አላት ሌላው። ጋሼ ጣልቃ ገቡ። «ቆይ እንጂ! ውኃው በፈረቃ አይደለም እንዴ የሚመጣው?»

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የተለወጠው። ጥበቃውን ጠየቁት። በሳምንት አራት ቀን ነው አለ። እንደገና ተሰላ፤ 192 ሊትር። በሃያ ሊትር ጀሪካን አሥር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ሌሊት ግፊቱ ይጨምራል አይጨምርም ብለው ተከራከሩ። ለዳይሬክተሯ ደብዳቤ ይጻፍ ተባለ፤ እንዴት ይጀመር በሚለው ላይም ሌላ ክርክር ተነሣ። የሻይ ሰዓት አለፈ፤ ማንም አላስታወሰም።

ስንመለስ ዓመታዊ ዕቅዳችሁን አውጡና የነካችሁትን ምልክት አድርጉ አልኳቸው። ማባዛት፣ የይዘት መለኪያ፣ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ውኃን መጠበቅ። ያቺ ስለ ፖርሽን የጠየቀችኝ መምህርት ወረቀቷን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ቀላል ነው እያልኳችሁ አይደለም። ስልሳ ልጅ ያለበት ክፍል አለ። በቡድን ሥራ አንዱ ጎበዝ ይሠራል፣ አምስቱ ያያሉ። ለዚህ እኔን የረዳኝ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ደብተር እንዲጽፍ ማድረግና ድንገት አንዱን «ይሄን ቁጥር እንዴት አገኛችሁት?» ብሎ መጠየቅ ነው። ተከታታይ ምዘናውንም እዚያው ትይዛላችሁ። መጀመሪያ ላይ አንድ ሳምንት የሚፈጅ ትንሽ ጥያቄ ይበቃል።

ደግሞ ፊደል ያልለየ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደሉን ቁጭ ብሎ መማር አለበት። እሱን ፕሮጀክት አይተካውም። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ማንበብ ያልቻለ ልጅ ፕሮጀክት ውስጥም ተመልካች ሆኖ ነው የሚቀረው።

ቧንቧዋ? የአራተኛ ክፍል ልጆች ራሳቸው ለክተው ደብዳቤ ጻፉ። ያገኙት ቁጥር ከእኛ ይለያል፤ የለኩት ውኃው በደንብ በሚመጣበት ጠዋት ነበር። ለምን ተለያየ የሚለው ሌላ ሁለት ክፍለ ጊዜ ወሰደ። ጎሚኒው ተቀየረ። አንዲት ልጅ አሁንም በየእረፍቱ ሄዳ ታያታለች።

ዛሬ ማታ ደግሞ ጋሼ ደወሉልኝ። ልጆቹ በእረፍት ሰዓት ሁሉም ወደ አንድ ጥግ ለምን እንደሚታጨቁ እሳቸው ሲያስቡ ሰንብተዋል። ጥላ ፍለጋ ይመስለኛል አሉኝ፤ ግን የዛፉ ጥላ በየሰዓቱ የት የት እንደሚደርስ ልጆቹ ራሳቸው ይለኩት ብለዋል። አዲስ ዛፍ የሚተከል ከሆነ የት መሆን እንዳለበት እነሱ ይንገሩን አሉ።

«ሜትር አለሽ?» አሉኝ።

አለኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ደህና እደሩ።