ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

እንደምን አደራችሁ። ከገላን ጉራና ከለሚ ኩራ በሌሊት ተነስታችሁ፣ ታክሲ ተጋፍታችሁ አራት ኪሎ ድረስ ለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ዘንድሮ ያጣናቸውን አባሎቻችንን ለአፍታ ቆመን እናስባቸው። ነፍስ ይማር፤ ተቀመጡ።

ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ያነብላችኋል። ድንኳኑ ተጠግኗል፣ ወንበር ተጨምሯል፣ ውዝፍ መዋጮ ከነበረባቸው አንዳንዶቹ ከፍለዋል። ኀዘን ደርሶበት ሳንደርስለት የቀረ አባል የለም። ሰፈሩ ፈርሶ፣ ሰው በከተማው ዳር ዳር ተበትኖ ይህን ማድረግ ቀላል አይምሰላችሁ። ጡሩምባ ነፊያችን ዛሬ ስልክ ደዋይ ሆኗል። በዚህ እኮራለሁ።

የማልኮራበትን ደግሞ ልንገራችሁ።

ዓመቱን ሙሉ ከእናንተ ስሰማ የከረምኩት ስለ ምክር ቤት ተወካያችን ነው። "ከተመረጡ ወዲህ የት አሉ? ፓርላማው እኮ ከዚህ በእግር ይደረሳል!" እውነት ነው፣ የፓርላማው ማማ ሰዓት ሁሉ ይታየናል። የኪራይ ውል ከ2 ዓመት አይነስ ያለው አዋጅ በመጋቢት 2016 ሲወጣ፣ የንብረት ታክሱ በጥር 2017 ሲጸድቅ አስቀድመው ማናችንን አማከሩ? ማንንም። ይህን ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ፤ አልተቀየሙም። ሐቁን ግን አልደብቅም፤ ክረምት ላይ የሁለት እናቶቻችን ጣሪያ ሲቀየር ጭቃ ውስጥ ቆመው ውለዋል። ካሜራው ከሄደ በኋላም ተመልሰው መጥተዋል።

ምክር ቤቱ በዓመቱ መካከል የ1 ወር ዕረፍት አለው። ተወካይ ወደ መራጩ የሚወርደው ያኔ ነው። ዘንድሮ ደብዳቤ ጽፌ፣ ደጅ ጠንቼ አመጣኋቸው። ወንበር አስደረደርኩ፣ ቡና አስፈላሁ። የመጣው ሰው 17 ነው። ከ17ቱ ሦስቱ የመጡት ለቡናው ነው፤ ስም አልጠራም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ጉዳያችንን ታውቁታላችሁ። ሰፈሩ ሲነሳ የእድሩ ዕቃ ቤት አብሮ ሄደ። የግለሰብ አይደለም፣ የቀበሌ ቤትም አይደለም ተብሎ ምትክ አጣን። ብረት ድስቱም ድንኳኑም እስከ ዛሬ በሰው ግቢ ነው። ተወካያችን ሰምተው ሲያበቁ "ይሄ የከተማው ምክር ቤት ጉዳይ ነው፤ እኔ የፌዴራሉ ነኝ" አሉ። ልክ ናቸው፤ ብዙዎቻችን ሁለቱን እንደባልቃለን። እኔ ግን አለቀቅኳቸውም። "ከ547ቱ ወንበር የአዲስ አበባው 23 ነው። ከ23ቱ አንዱ ደብዳቤያችንን ይዞ አንድ ቢሮ ቢያንኳኳ፣ እኔ ሳንኳኳ እንደሚከፈትልኝ ነው የሚከፈትለት?" አልኳቸው። ሳቅ አሉና "እስቲ የፊርማውን ወረቀት ያምጡት" አሉኝ።

ለዕቃ ቤታችን ምትክ ይሰጠን ብለን የምንጠይቅበት፣ ገላን ጉራ ድረስ ሄጄ ያስፈረምኩት ወረቀት ነው፤ ጥጉ ላይ ሻይ ፈስሶበታል። መነጽራቸውን አድርገው አዩት። ከ30ው መስመር የተሞላው 11 ነው። ጣታቸውን ከታች ባዶው ላይ አሳርፈው "ይሄስ ምንድን ነው?" አሉ።

ምን ልበል? "አባሎቻችን ናቸው" አልኩ።

አልሳቁብኝም። ወረቀቱን አጥፈው በእጄ ሰጡኝና "ሲሞላ ይምጡ፣ አብረን እንሄዳለን" ብለውኝ ወጡ። ከዚያን ቀን ወዲህ እሳቸውን ላማ ስል አፌ ይያዛል።

በቴሌግራም ግሩፓችን "እምነት አጥተንባቸዋል፣ ይውረዱ!" እያለ ሌሊት ሌሊት የሚጽፍ ወንድማችን አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሳ እንደሚችል ይላል፤ መብቱ ነው። ነገር ግን ያን ቀን አልመጣም። ዛሬም የለም። ልጁ እዚያ ጥግ ተቀምጧል፤ ይንገርልኝ። እናቱ ያረፉ ለታ በሌሊት ድንኳን ስንተክል፣ ሰው ሁሉ ቤቱ ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ማን ካስማ ይይዝ ነበር?

ወረቀቱ ይኸው፣ ያው ባለ ሻዩ ነው። 19 መስመር ይቀረዋል። ባለፈው ብዕሩ ጠፍቶብኝ ስለነበር አሁን በክር አስሬዋለሁ። ገንዘብ ያዣችን ሪፖርቱን ሲያነብ ይዙር፤ ከበሩ በኩል ይጀመር፣ ቀድሞ የሚወጣው እዚያ የተቀመጠው ነውና።