የመሸብን መንገደኞች ነን

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ!

ኮሚቴው «ልምድህን አካፍለን» ሲለኝ ስለ ትራክ ሥራ መስሎኝ ነበር። ለካ የተፈለግሁት ውስጡ ለሚታደርበት መኪና፣ ለአርቪ ነው። ዘንድሮ ለኳሱ ሳምንት አርቪ ተከራይተን እንሄዳለን ያላችሁ ቤተሰቦች በርክታችኋል አሉ። ጎበዞች! በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽናችን የኳስ ውድድር እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ከተማ ለከተማ ሲዞር፣ በዚያ ሳምንት የሆቴል ዋጋ ምን እንደሚሆን እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አርቪ ከያዛችሁ አልጋውም ወጥ ቤቱም አብሯችሁ ነው። ጣጣው ሲመሽ ነው። የት ቆሞ ይታደራል?

«የሱቅ ፓርኪንግ ሞልቶ!» የሚል አይጠፋም። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ጉድ የሆንኩት።

ከቤተሰቤ ጋር ስንጓዝ መሸብን። ስሙን የማልጠራው አንድ ትልቅ ሱቅ ደወልኩ። ስልክ ያነሳችው ልጅ «ችግር የለም፣ ዳር ላይ ቁሙ» አለችኝ። ቆምን። እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። የጎን ሸራውን ዘረጋሁ፣ ወንበር አወጣሁ። ባለቤቴ ከሰል አያይዛ ቡና መቁላት ጀመረች። ጋሪ የሚገፋው ሁሉ ዞር ብሎ ያየናል፤ እኛ ደግሞ ሰላም ያሉን መስሎን እጃችንን እናውለበልባለን!

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። የባትሪ መብራት ዓይኔ ላይ። ፖሊስ ነው። «ሱቁ ፈቅዶልኛል» አልኩት። «በዚህ ከተማ ፓርኪንግ ላይ ማደር ክልክል ነው» ብሎ ባትሪውን ወደ ምልክቱ አዞረው። ሃያ እርምጃ አይርቅም። ትንሿ ልጄ ከብርድ ልብሱ ውስጥ «አባዬ፣ አባረሩን?» አለች። ምን ልበላት?

አገር ቤት «የመሸብኝ መንገደኛ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ካላችሁ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግቡ» ትባላላችሁ። አለቀ። እዚህ ግን ያ አስፋልት ሦስት ጌታ ሊኖረው ይችላል፦ ሱቁ፣ ቦታውን ለሱቁ ያከራየው ባለንብረት፣ ከዚያ ከተማው። አንዱ እሺ ቢል ሌላው ያስነሳችኋል። በየከተማው ሱቅ ያለው ዋልማርት እንኳን ፈቃዱን ለየሱቁ ማናጀር ነው የተወው። ማናጀሩም ቦታ መኖሩንና የአካባቢውን ሕግ አይቶ ነው የሚወስነው። ስለዚህ ስልክ ያነሳ ሁሉ ማናጀር አይደለም። ራሱን አቅርቡልኝ በሉ፣ ስሙን ጻፉ፣ «ከተማውስ ይፈቅዳል?» ብላችሁ ጠይቁ። እንደደረሳችሁም ምልክቱን አንብቡ። መኪና ጎታቹ ቶው ትራክ ከመጣ ክርክር አይሰማም።

ከተሞቹ ለምን ይከለክላሉ? አንዱ ምክንያት አርቪ እያስከፈሉ የሚያሳድሩ የካምፕ ባለቤቶች ናቸው። «እኛ ውሃና መብራት አስገብተን፣ ግብር ከፍለን፣ ጎረቤታችን ሱቅ በነጻ ያሳድራል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ግን አንድ ሌሊት ጋደም ብሎ የሚያልፍ መንገደኛ የነሱ ደንበኛ አይመስለኝም። ከባዱ ጉዳይ ሌላ ነው። የቤት ኪራይ አቅቷቸው መኪና ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ክልከላው ብዙ ጊዜ የሚወጣው እነሱን አስቦ ነው፤ እኛ ሽርሽረኞቹ በመሃል እንገባለን። እዚህ ሲያትል፣ መንገድ ዳር ሳይሆን የከተማው ንብረት በሆነ ቦታ ላይ ያቆመው፣ የሚኖርበት ትራክ የተጎተተበት ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት መኪናው መኖሪያው ነው አለ፤ ለመጎተቱ የተጠየቀውን ከ500 ዶላር በላይ ክፍያም ከአቅሙ በላይ ነው ብሎ ፈረደለት። ስለዚህ አጠገባችሁ የቆመችውን አሮጌ አርቪ ስታዩ ፊታችሁን አታጥቁሩ። እናንተ በሳምንቱ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

ለትራክ ነጂዎችም እዘኑልን። ሕጉ 11 ሰዓት ከነዳን በኋላ 10 ሰዓት እረፉ ይለናል፣ ማቆሚያ ግን የለም። ለትራክ በተተወው ረጅም ማቆሚያ ላይ አርቪያችሁን አታጋድሙብን።

የቀረው ቀላል ነው። ማታ ገብታችሁ ጠዋት ውጡ። ሸራም ወንበርም አይውጣ። አርቪውን ደልድሎ የሚያቆመውን የብረት እግር አታውርዱ፤ በሐምሌ ሙቀት አስፋልቱን ይበሳዋል። እጣቢ መሬት ላይ እንዳታፈሱ። ዳቦም ውሃም ከዚያው ሱቅ ግዙ።

ደውዬ ያረጋገጥኳቸውን ማደሪያዎች ጽፌ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ ውሰዱ። ከሰሉ ቤት ይቅር። የኛ ቤት እንኳን የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝቷል፤ ባለቤቴ ግን ቡናው እንደ ከሰሉ አልሆነልኝም እያለች እስከ ዛሬ ታማርራለች።