ሊሞንቼሎ በቤት ውስጥ፦ ቢጫው ልጣጭ፣ ጠንካራው አልኮልና የውሃው ልክ

[ምስል፦ ቢጫ ሎሚ በቅርበት። ልጣጩ ሲታጠፍ ጥቃቅን ጠብታዎች ይረጫሉ።]

የሎሚ ልጣጭ ስናጥፍ ብን ብሎ የሚረጨው ጭማቂ አይደለም፣ ዘይት ነው። ቢጫው ቆዳ ውስጥ ጥቃቅን ከረጢቶች አሉ፤ የሎሚ ሽታ የምንለው በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያ ነው የተቀመጠው። ሊሞንቼሎ ይህ ዘይት በጠንካራ አልኮል ተስቦ ወጥቶ በስኳርና በውሃ የለዘበ መጠጥ ነው። የጭማቂ ጠብታ አይገባበትም።

አገሩ ደቡብ ጣሊያን ነው፤ ከኔፕልስ ወደ ደቡብ ሲኬድ ያለው የሶሬንቶና የአማልፊ ጠረፍ፣ ፊት ለፊቱም የካፕሪ ደሴት። የሶሬንቶው ሞላላ ሎሚና የአማልፊው ሾጠጥ ያለ ሎሚ ዘይታቸው የበዛ ነው፤ ስማቸውም በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ነው።

[ምስል፦ ትንሽ አረንጓዴ ሎሚና ትልቅ ቢጫ ሎሚ ጎን ለጎን]

እዚህ ላይ ስም እንዳያሳስተን። ኢትዮጵያ ውስጥ ገበያ ላይ ሎሚ ብለን የምንገዛው ትንሹ፣ ክቡ፣ አረንጓዴው ፍሬ ሌላ ዝርያ ነው። ቆዳው ስስ በመሆኑ ቢላው ገና ከመንካቱ ነጩ ይመጣል፤ ሽታውም የተለየ ነው። የምንፈልገው ትልቁን፣ ጫፉ ሾል ያለውን ቢጫ ሎሚ ነው። ሲያዝ ከበድ የሚል፣ ቆዳው ያልተጨማደደ፣ በጥፍር ሲጫሩት ወዲያው የሚሸት ይሁን። የሱፐርማርኬት ሎሚ ብዙ ጊዜ ሰም ይቀባል፣ የሻጋታ መከላከያም ይረጭበታል። አልኮል ደግሞ ይህንንም ከዘይቱ ጋር ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ያልተቀባ ፈልጉ። ካጣችሁ በሙቅ ውሃ በብሩሽ ፈትጉትና በደንብ አድርቁት።

ለአንድ ሊትር ተኩል ያህል መጠጥ የሚያስፈልገው፦ 8 መካከለኛ ሎሚ፣ 500 ሚሊ ሊትር ለመጠጥ የተሠራ 96 በመቶ አልኮል፣ 750 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ 450 ግራም ነጭ ስኳር።

ስለ አልኮሉ ጠንከር ብለን እንናገር። ፋርማሲ የሚሸጥ የቁስል ማጽጃ ወይም የምድጃ ስፒሪት በፍጹም አይሆንም። ሰው እንዳይጠጣው ተብሎ እንደ ሜታኖል ያለ መርዝ የተጨመረበት ሊሆን ይችላል፤ ብታጠልሉትም ብታፈሉትም ንጹሕ አይሆንም፣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። ጠርሙሱ ላይ ለመጠጥ መሆኑ ካልተጻፈ አትግዙት። የቤት አረቄም አንመክርም፤ የጌሾውና የብቅሉ ጠረን ሎሚውን ይውጠዋል፣ ጥንካሬውም አይታወቅም። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ይህን ያህል ጠንካራ አልኮል መሸጥ ክልክል ስለሆነ እዚያ ያላችሁ ቮድካ ትጠቀማላችሁ፤ ልኩ ይለወጣል፣ እንመጣበታለን።

[ምስል፦ የድንች መላጫ፣ ልጣጩ በስሱ ሲነሳ]

አሁን መላጥ። ሥራው ያለው እዚህ ነው፣ አትቸኩሉ። ስለታም የድንች መላጫ ያዙና ሳትጫኑ ቢጫውን ብቻ አንሱ። ልጣጩን ገልብጣችሁ እዩት፦ ቢጫ ነጠብጣቡ ከጀርባው በኩል ከታየ ልክ ነው። ነጭ ሆኖ እንደ ጥጥ ከታየ በጥልቀት ሄዳችኋል፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርጉትና ነጩን በትንሽ ቢላ ፋቁለት። ምሬቱ ያለው ነጩ ውስጥ ነው። አንዴ አልኮሉ ውስጥ ከገባ ማውጫ የለውም፤ ስኳር ቢጨመርበት ጣፋጭ መራራ ይሆናል እንጂ አይድንም። ከስምንቱ ሎሚ ከ80 እስከ 100 ግራም ልጣጭ ብታገኙ በቂ ነው። በደቃቅ መፈቅፈቂያም ይቻላል፤ ቶሎ ያወጣል፣ ግን ኋላ ማጥለሉ ያደክማል።

ልጣጩን ጥብቅ ክዳን ባለው የብርጭቆ ማሰሮ ከታችሁ አልኮሉን ድፉበት። ፕላስቲክ አይሁን፤ የሎሚ ዘይት አንዳንድ ፕላስቲክ ያሟሟል። 96 በመቶ አልኮል በክፍል ሙቀት እንኳ ትነቱ በእሳት ይያያዛል፤ ስለዚህ ምድጃ እየነደደ፣ ሻማ በርቶ፣ ሲጋራ ተይዞ አይከፈት።

ማሰሮው ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፣ በቀን አንዴ ነቅነቅ ይደረግ። ብርሃንና አየር የሎሚውን ሽታ ያበላሹታል፤ ውሎ አድሮ የቀለም ማቅጠኛ የመሰለ ጠረን ያመጣል። ወር ሁለት ወር ጠብቁ የሚል ምክር ትሰሙ ይሆናል። በ96 በመቶ አልኮል ግን ከ5 እስከ 7 ቀን ይበቃል። ጠንካራ አልኮል የልጣጩን ውሃ ስቦ ያደርቀዋል፤ ዘይቱም አብሮ ይወጣል። ልጣጩ ገርጥቶ፣ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ቀጭ ካለ ጨርሷል። ከዚያ በላይ ቢቆይ የሚያተርፈው ምሬት ነው።

[ምስል፦ ስኳር በድስት ሲሟሟ]

ሽሮፑን ከመደባለቁ ቀን አስቀድማችሁ ሥሩ። ውሃውንና ስኳሩን አሙቁ፣ ስኳሩ ሲሟሟ አውርዱ። ብዙ ከፈላ ውሃው ይተንናል፣ ልኩም ይዛባል። ከድናችሁ እስኪቀዘቅዝ ተዉት። ሙቅ ሽሮፕ አልኮል ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው፦ አልኮል በ78 ዲግሪ ይፈላል፣ ትነቱም ሽታውን ይዞ ይሄዳል።

አልኮሉን መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በቡና ማጥለያ ወረቀት አጥልሉ። ልጣጩን አትጭመቁት። ማጥለሉ ከስኳሩ በፊት ይሁን፤ ስኳር ከገባ በኋላ ወረቀቱን አልፎ የሚወርደው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ከዚያ ሽሮፑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

[ምስል፦ ጥርት ያለው ቢጫ ፈሳሽ ሲደፈርስ]

ሲደፈርስ አትደንግጡ። ኡዞ የተባለው የግሪክ መጠጥ ላይ ውሃ ሲጨመር እንደሚነጣው ማለት ነው። ዘይቱ በጠንካራ አልኮል ይሟሟል፤ ውሃው ሲበዛ መሟሟት ያቅተውና በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ይበተናል። ብርሃን እነዚያ ጠብታዎች ላይ ተበትኖ ነው ፈሳሹ ወተት የሚመስለው። እንዲያውም ዘይቱ በደንብ መውጣቱን ያሳያል።

ሂሳቡ ይኸውና። በ500 ሚሊ ሊትር ውስጥ 480 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለ። 450 ግራም ስኳር ሲሟሟ ወደ 280 ሚሊ ሊትር ቦታ ይይዛል። 500፣ 750 እና 280 ሲደመር 1530፤ 480 ለዚያ ሲካፈል 31 በመቶ ገደማ። ሊሞንቼሎ ብዙውን ጊዜ ከ25 እስከ 32 በመቶ ነው። በቮድካ ስትሠሩ ይህን ያህል ውሃ ከጨመራችሁ ግን ቀጥኖ ይቀራል። ለ750 ሚሊ ሊትር የ40 በመቶ ቮድካ 250 ሚሊ ሊትር ውሃና 250 ግራም ስኳር ብቻ አድርጉ፣ 26 በመቶ ይመጣላችኋል። ልጣጩም ከ3 እስከ 4 ሳምንት ይቆይ፤ ደካማ አልኮል ዘይት የሚያወጣው ቀስ ብሎ ነው።

እንደቀመሳችሁት ጉሮሮ ያቃጥላል። ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ስጡት፣ አራት ቢሆን ይሻላል። ከዚያ ፍሪዘር ይግባ። በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወፈር ብሎ ይፈሳል እንጂ በረዶ አይሆንም። ከጠጠረ ውሃው በዝቷል። የጠርሙሱ አፍ ላይ የቅባት ቀለበት ከሠራ ደግሞ ለዘይቱ አልኮሉ አንሷል፤ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሊትር ጠንካራ አልኮል ጨምራችሁ ነቅንቁት።

የተላጡት ስምንት ሎሚዎች ቆዳ ስለሌላቸው በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃሉ። በላጣችሁበት ዕለት ጨምቃችሁ ጭማቂውን በበረዶ መሥሪያው አስቀምጡት።