የጎንህ ሰው እየሰማ ነው

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ?

ስለ ኢርፎን ድምፅ ልስማ ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት ከቤቱ የወጣ ሰው ወይ በጣም ጨዋ ነው፣ ወይ ጓደኛው ጎትቶ አምጥቶታል። ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ብዙ አላቆያችሁም።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ድምፅ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ እቀርጻለሁ፣ ሠርግ ሲኖር ደግሞ ሚክሰር ላይ እቆማለሁ። ስለዚህ ስለ ጩኸት ላውራችሁ ስል "ጆሯችንን ያደነቆርከን አንተው አይደለህ እንዴ?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ሚዜዎቹ ጨምር ሲሉ እጨምራለሁ። እንጀራ ነው።

ታክሲ ውስጥ ስፒከር ከፍቶ ቲክቶክ ስለሚያይ ሰው ዛሬ ብዙ አልናገርም። የእሱ ጥፋት ግልጽ ነው፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ብዙ ጊዜ ራሱም ያውቀዋል። ሌላው ዓለምም ተቸግሮበታል። ዲሲ ያሉ ዘመዶቻችሁን ብትጠይቋቸው ሜትሮ ውስጥ ያለ ኢርፎን ሙዚቃ መክፈት በሕግ የተከለከለ እንደሆነ ይነግሯችኋል። ለንደን ውስጥ በባቡር ሌላውን የሚረብሽ ሙዚቃ የከፈተ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል። እዚያ ነገሩ ለቅጣት ደርሷል፣ እኛ ጋ ገና በግልምጫ ላይ ነን።

እኔ የመጣሁት ስለ ሌላኛው ሰው ነው። ኢርፎኑን ስለሰካው። ይህ ሰው በራሱ ቤት ጨዋ ነው። "እኔ ማንን ረበሽኩ? ኢርፎን አድርጌ የለ እንዴ!" ይላል። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ግን አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ጆሮ ላይ ጽ... ጽ... ጽ... ጽ... እያለ ይሄዳል።

ያ "ጽ ጽ" ለምን እንደዚያ እንደሚያናድድ ልንገራችሁ፣ ይሄ እንኳ ሙያዬ ነው። ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ከዚያች ጥፍር ከምታክል ስፒከር ወጥቶ ሩቅ አይሄድም። ጆሮ ውስጥ ተወትፎ ነው የሚሰማው። ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ግን በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል። ስለዚህ ጎረቤት ዘንድ የሚደርሰው ዘፈኑ አይደለም። ዜማ የለው፣ ግጥም የለው፣ ቤዝ የለው። የሲምባሉ ፍጭጭታና የዘፋኙ "ስ" እና "ሽ" ብቻ ነው የሚደርሰው። ሾፌሩ የከፈተው ሙዚቃ ባይጥመን እንኳ ቢያንስ ሙሉ ዘፈን ነው፣ ሳናስበው አብረን እናንጎራጉራለን። የኢርፎን ፍሳሽ ግን ሊያንጎራጉሩት እንኳ አይመችም፤ ጆሮ ደግሞ ያልተሟላ ነገር ሲሰማ ለማሟላት ይለፋል፣ መተው አይችልም።

ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ነገር በየቀኑ ነው የምንታገለው። ዘፋኝ ስናስቀዳ ሄድፎን እናደርግለታለን፣ ሙዚቃውን እየሰማ እንዲዘፍን። ምቱን እንዳይስት ደግሞ ክሊክ የምንለው ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ አብሮ ይገባለታል። ዘፋኙ "ጨምርልኝ" ይላል። እንጨምራለን። "ትንሽ ጨምርልኝ።" እንጨምራለን። ከዚያ ሙዚቃውን አጥፍተን ድምፁን ብቻውን ስናዳምጠው፣ ልክ ትንፋሽ ለመውሰድ ያረፈባት ቦታ ላይ፣ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ማይኩ ሰምቶታል። ማይክ ደግሞ ይሉኝታ የለውም፣ የሰማውን ሁሉ ቁጭ ያደርገዋል። ለዚህ ነው ለቀረጻ ጀርባው ድፍን የሆነ ሄድፎን የምንመርጠው። ጀርባው ወንፊት የሆነም አለ፣ ኦፕን ባክ ይባላል፣ እሱን ሚክስ ስናደርግ ብቻ ነው የምናወጣው። አንዳንድ ልጆች ያንን ባለ ወንፊቱን በውድ ዋጋ ገዝተው ሸገር ባስ ውስጥ ሲያደርጉት አያለሁ። ድምፁ ግሩም ነው፣ አልዋሽም። የተሠራው ግን ብቻህን ለምትቀመጥበት ክፍል ነው፣ ባስ ውስጥ ሙዚቃህን ለተሳፋሪው እያደልክ ነው።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ቮልዩሙን ለምን እንጨምራለን? ጆሯችን ስለደነቆረ አይደለም፣ ቢያንስ ገና አይደለም። አካባቢው ስለሚጮህ ነው። ሞተሩ ያጓራል፣ ረዳቱ "ሳሪስ! ሳሪስ! ሁለት ሰው!" ይላል፣ በሩ እየተንኳኳ ይዘጋል፣ ከኋላ ያለው ሰው ስለ መሬት ሽያጭ በስልክ ይደራደራል። ይህን ሁሉ ለመሸፈን ሙዚቃው ከሁሉም በላይ መውጣት አለበት፣ ስለዚህ አውራ ጣታችን ሳናውቀው ቁልፏን ወደ ላይ ትጫናለች። ከዚያ መኪናው መብራት ይይዘዋል። ሞተሩ ዝም፣ ረዳቱ ዝም። ቮልዩሙ ግን እዚያው ነው። የዚያን ጊዜ ነው ታክሲው በሙሉ ያንተን ዘፈን የሚሰማው።

መድኃኒቱ ቮልዩም አይደለም፣ መድፈን ነው። ኢርፎን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጎማ ይመጣል። ስንታችን ለክተን እናውቃለን? መካከለኛው እንደተገጠመ ይቀራል፣ ሌሎቹ ከካርቶኑ ጋር ይጣላሉ። ልኩ የሆነ ጎማ ሲገባ የውጩ ጫጫታ በግልጽ ይቀንሳል፣ ቤዙ ከየት መጣ እስክትሉ ይመለሳል፣ እናንተም ቮልዩሙን ዝቅ ታደርጋላችሁ። ጎማ የሌለው ደረቁ ዓይነት ግን የውጩን ያስገባል፣ የውስጡን ያስወጣል፤ ጫጫታ መሀል ከጨመራችሁት ሁለት ጊዜ ነው የሚጎዳው። ጫጫታ የሚሰርዝ የሚባለው ውዱ ዓይነት ለሞተር ድምፅ በጣም ጎበዝ ነው፣ ለሰው ወሬ እምብዛም። አቅሙ ላለው ጥሩ ነው። መንገድ ስትሻገሩ ግን አጥፉት፣ ባጃጅ ጡሩምባውን ነፍቶ አይጠብቅም።

ስለ ጤናው ረጅም ትምህርት አልሰጥም፣ ሐኪም አይደለሁም። ግን ሁለት ሦስት ቁጥር ያዙልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ማዳመጥ ይበቃዋል ብሏል፤ ዴሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው። እስቲ ስሌቱን ተመልከቱ፦ በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10 ሰዓት፣ 89 ላይ 5 ሰዓት። 95 ላይ ስትደርሱ የሳምንቱ ድርሻችሁ አንድ ሰዓት ከሩብ ነው። ጠዋትና ማታ ሰልፍ ይዞ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ መንገድ ተዘግቶበት ለሚመላለስ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ማክሰኞ ሳይመሽ ያልቃል። ይኸው ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉት ወጣቶች ውስጥ ከአንድ ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በዚህ ዓይነት አደማመጥ የተነሳ አደጋ ላይ ናቸው ይላል። የውስጥ ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ የሰው ጆሮ አይተካቸውም። ስልካችሁ ቮልዩም ስትጨምሩ "ከዚህ በላይ ለጆሮ ጎጂ ነው" ብሎ ሲጠይቃችሁ ምን ታደርጋላችሁ? አዎ፣ ሳታነቡ "እሺ" ትሉታላችሁ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። እንደ እኛ ታክሲ በሚጮህ ቦታ ውስጥ የጎንህ ሰው ዘፈንህን መለየት ከቻለ፣ ላንተም ጆሮ በዝቷል ማለት ነው። የጎረቤትህ መረበሽና ያንተ መጎዳት ሁለት ጉዳይ አይደሉም። ሴትዮዋ ያለ ክፍያ እየለኩልህ ነው።

ችግሩ አይነግሩህም። ይሄ ነው የኛ አገር ጣጣ። ነጠላቸውን በጆሯቸው በኩል ሳብ ያደርጋሉ። መስኮቱን ያያሉ። አንዴ ገልመጥ ያደርጉሃል፣ አንተ ደግሞ ዓይንህን ጨፍነህ ጭንቅላትህን እየነቀነቅክ ነው። "የሰው ልጅ አላስቀይም፣ አሁን እወርድ የለ" ብለው ይተዉታል። ከወረዱ በኋላ ቤታቸው ገብተው ለልጆቻቸው ይናገራሉ፣ "የዛሬ ልጆች..." ብለው። አንተ ግን ሁልጊዜ ጨዋ እንደሆንክ እያሰብክ ትኖራለህ፣ ምክንያቱም አንድም ሰው ቀንስ ብሎህ አያውቅም። ዝም መባልህን እንደ ፈቃድ አትቁጠረው።

መዝሙርና መንዙማ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ማን ደፍሮ "ቀንስ" ይላል? ሃይማኖቴን ነካ እንዳይባል ይፈራል። ግን እስቲ እናስተውል፣ የሚያፈሰው ኢርፎን መዝሙሩንም "ጽ ጽ" ነው የሚያደርገው። የምታከብረውን ነገር ለጎረቤት እንደዚያ ተበጣጥሶ እንዲደርሰው አትፈልግም።

መናገር ያለብን ጊዜም አለ፣ አነጋገሩ ነው ነገሩ። "ቀንስ እንጂ!" ካልከው ጠብ ነው። "ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ድምፁ ወደ ውጭ እየወጣ ነው" ካልከው አብዛኛው ሰው ይደነግጣል፣ ምክንያቱም እውነትም አላወቀም። እኔ ያልኳቸው አብዛኞቹ ወዲያው ቀንሰዋል፣ አንዱ ብቻ "ካልተመቸህ ኮንትራት ያዝ" ብሎኛል። መልሱ ጥሩ ስለነበር ሳቅኩ።

በነገራችን ላይ፣ ሶኒ ዎክማን የተባለውን በእጅ የሚያዝ የካሴት ማጫወቻ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1979 እ.ኤ.አ. ሲያወጣ ሁለት የሄድፎን መሰኪያ ነበረው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ አኪዮ ሞሪታ ሰው መሀል ብቻን ማዳመጥ ነውር ይሆናል ብሎ ስለሰጋ ነው። አንዲት ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረች፣ ስትጫናት ሙዚቃው ዝቅ ይልና በማይኩ በኩል አጠገብህ ያለው ሰው ሲያወራህ ትሰማዋለህ። በኋላ ሲታይ ሰው ብቻውን መስማት ነው የፈለገው፣ ሁለተኛው መሰኪያም ቀረ። ያቺ ቁልፍ ግን መቅረት አልነበረባትም እላለሁ። እኛ አገር በተለይ ታስፈልግ ነበር፣ ምክንያቱም ሰላምታ አለ። የማታውቀው ሰው ታክሲ ውስጥ ገብቶ "እንደምን አደራችሁ" ይላል። ረዳቱ "ሒሳብ!" ብሎ ትከሻህን ሲነካህ ትባንናለህ። መውረጃህ ካለፈ በኋላ "ወራጅ አለ!" ብለህ ትጮሃለህ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ይዞራል።

ጩኸቱስ ለምን ያን ያህል ይሆናል? በ1911 እ.ኤ.አ. ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም አሳይቶታል፤ ጆሮ ውስጥ ጫጫታ ሲገባ ሰው ሳይታወቀው ድምፁን ያነሳል፣ ጫጫታው ሲቆም ዝቅ ያደርጋል። ኢርፎን ደፍኖ በስልክ የሚያወራ ሰው የቤቱን ጉዳይ ለባስ ሙሉ ሰው የሚያሰማው ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ራሱን ስለማይሰማ ነው። አንዱን ጆሮ አውልቁና አውሩ፣ ልዩነቱን ወዲያው ታያላችሁ።

አዲሶቹ ኢርፎኖች የውጩን ድምፅ የሚያስገባ ሁነታ አላቸው፤ ሳታወልቀው ሰው ማናገር ትችላለህ። ጥሩ ነው፣ ግን ቆመው ያናገሩህ አዛውንት ይህን በምን ያውቃሉ? እሳቸው የሚያዩት የተደፈነ ጆሮ ነው። ለትልቅ ሰው አውልቁት፣ ሁለቱንም፣ በእጃችሁ ያዙት። ለቅሶ ቤት ደግሞ አንገት ላይ አንጠልጥሎ መግባት የለም፣ ኪስ አለ። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቁ በአንድ ጆሮ ብቻ፣ ዝቅ አድርጋችሁ፤ ስማችሁ ሲጠራ ሌላ ሰው ተነስቶ እየቀሰቀሳችሁ አይሁን። ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ከሁሉም ይከፋል፣ ሽፋን የሚሆን የሞተር ድምፅ የለማ። ታክሲ ውስጥ የማይሰማው ቮልዩም እዚያ ከሦስት ወንበር ማዶ ይሰማል። በሩ ላይ ስትደርሱ ቀንሱ፣ ቁጭ ብላችሁ እንደገና ቀንሱ።

አሁን ሻይ አለ። ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ኢርፎናችሁን አውጡ፣ ሁልጊዜ ታክሲ ውስጥ የምታዳምጡበት ቮልዩም ላይ አድርጉት፣ አትቀንሱ፣ አታጭበርብሩ። ጆሯችሁ ላይ አድርጉና የጎናችሁን ሰው "ምን ዘፈን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ይሉኝታ እንዳይዘው አስምሉት። ዘፈኑን ካወቀው ወደ ኋላ ኑ፣ ጠረጴዛው ላይ የተለያየ ልክ ያለው ጎማ አስቀምጫለሁ፣ በነፃ ነው፣ እዚያው እንለካለን። ጥያቄም እዚያው ጠይቁኝ።

አመሰግናለሁ።