ቶሎ የከሰሙ ክለቦች ቀኑን ይነግሩናል

የተከበራችሁ የድሮ ፎቶግራፍ ወዳጆች፣ እንደምን አመሻችሁ!

የማወራችሁ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ቤዝቦል ፎቶዎች የተነሱበትን ዓመት እንዴት እንደምናውቅ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።

በዚያ ዘመን ማሊያ ላይ የተጫዋች ስምም ቁጥርም የለም። ብዙ ጊዜ ደረቱ ላይ የምታገኙት የከተማውን ስም ብቻ ነው። ከጀርባው በእርሳስ የተጻፈ ዓመት ካያችሁ ደግሞ ቶሎ አትመኑት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዘመድ ወይም ነጋዴ በግምት ጽፎት ሊሆን ይችላል። እኔ መጀመሪያ የምሄደው ወደ ሊጎቹ ታሪክ ነው።

ናሽናል ሊግ በ1876 በስምንት ክለቦች ተጀመረ። የቺካጎው ክለብ ዛሬም አለ። ለእኛ ሥራ ግን ዕድሜው የረዘመ ክለብ ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅሙን ቶሎ የጠፉት ናቸው። የዉስተር ከተማ ክለብ በዚህ ሊግ የቆየው ከ1880 እስከ 1882 ብቻ ነው። ዲትሮይት በ1881 ገባ፣ በ1887 ሻምፒዮን ሆነ፣ ከ1888 በኋላ ፈረሰ። አንዳንዴ ሊጉ ራሱ ይጠፋል። ዩኒየን አሶሴሽን የተጫወተው በ1884 ብቻ ነው። ተጫዋቾች በክለብ ባለቤቶች ላይ አምፀው ያቋቋሙት ሊግም ከ1890 አላለፈም።

የከተማ ስም ብቻውን ግን ያሳስታል። ካንሳስ ሲቲ በ1884 በአንድ ሊግ፣ በ1886 በሌላ፣ በ1888 ደግሞ በሦስተኛ ሊግ ክለብ ነበራት። ስለዚህ ፊቶቹን መለየት የግድ ነው። ተጫዋቹ ኪንግ ኬሊ በቦስተን ማሊያ ከታየ ፎቶው ከ1887 በፊት ሊሆን አይችልም። ቺካጎ ለቦስተን በ10,000 ዶላር የሸጠው ለዚያ ዓመት ውድድር ነውና። ጓንትና የፊት መከላከያም ይረዳሉ፤ ግን አሮጌ ዕቃ ለዓመታት ስለሚለበስ በእሱ ብቻ አትፍረዱ።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ የሞዝስ ፍሊትዉድ ዎከር ጉዳይ ነው። ዎከር ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ለቶሌዶ ከተማ ክለብ ከመቺው ጀርባ ኳስ ይይዝ ነበር። በ1883 ቶሌዶ በአነስተኛ ሊግ ውስጥ ነበረች። በ1884 ግን ከታላላቆቹ ሊጎች አንዱ ወደሆነው አሜሪካን አሶሴሽን ገባች። ያን ዓመት ወንድሙ ዌልዲም ጥቂት ጨዋታ ተጫወተ። ከእነሱ በኋላ በሩ ተዘጋ። እስከ 1947፣ እስከ ጃኪ ሮቢንሰን ድረስ፣ ጥቁር ተጫዋች በታላላቅ ሊጎች አልታየም። እንግዲህ በአንድ ዓመት መሳሳት ምን ያህል ታሪክ እንደሚያዛባ አስቡት።

ሁለቱን ዓመቶች የሚለይልን ኳስ ወርዋሪው ቶኒ ሙላን ነው። በ1883 የሴንት ሉዊስ ተጫዋች ነበር። ለቶሌዶ የተጫወተው በ1884 ብቻ ነው። ሙላንና ዎከር በቶሌዶ ማሊያ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ዓመቱ ታወቀ ማለት ነው። ሙላን ከብዙ ዓመታት በኋላ እውነቱን ተናግሯል። ዎከር ከሙላን ጋር ከተጫወቱት ኳስ ያዦች ሁሉ የላቀ ነበር፤ ሙላን ግን ዎከር ጥቁር ስለሆነ ብቻ ምን ዓይነት ኳስ እንዲወረውር የሚሰጠውን ምልክት አልቀበልም ይል ነበር።

እንዲህ ያለ ፎቶ ያላችሁ፣ እባካችሁ ከዓመቱ ጎን እንዴት እንደደረሳችሁበትም ጻፉ። አመሰግናለሁ።