ኮምፒውተርን መውደድና በኮምፒውተር መተዳደር

የተከበራችሁ ታዳሚያን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ማታ ማታ ኮምፒውተር ላይ የምታመሹ ናችሁ። አንዱ ኮድ ይጽፋል፤ ሌላዋ አሮጌ ማሽን ፈታታ ትገጥማለች፤ ሌላው ሊኑክስ የሚባለውን ስርዓተ ክወና፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ ይጭናል፣ ያበላሸዋል፣ መልሶ ይጭነዋል። ቤተሰብ «ይኼ ልጅ እዚያ ነገር ላይ ተተክሎ ቀረ» ይላል። ጓደኛ ደግሞ «አንተማ በዚህ ብትሠራበት የት በደረስክ!» ይላል። ሁለቱም ከውጭ ሆነው ነው የሚያዩት። የዛሬው ንግግሬ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆማችሁ «መተዳደሪያዬ ላድርገው ወይስ ለትርፍ ጊዜዬ ላቆየው?» እያላችሁ ለምታመነቱት ነው። ቁርጣችሁን ለይታችሁ የመጣችሁ ካላችሁ ከኋላ ያለው በር ክፍት ነው፤ አልቀየምም።

ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ሲያማክሩኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ችሎታዬ ይበቃል ወይ?» ብለው ነው። ለእኔ ይህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው፤ ምናልባትም ሦስተኛ። ችሎታ ይጎለብታል። በዚህ ሙያ የዛሬ አሥር ዓመት የተማረውን ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው የለም፤ ሁሉም ሲማር ነው የሚያረጀው። ቀዳሚው ጥያቄ፣ ከዚህ ከምትወዱት ነገር ውስጥ በተለይ የምትወዱት የትኛውን እንደሆነ ነው። ምክንያቱም ነገሩ መተዳደሪያ ሲሆን ከእጃችሁ ቀድሞ የሚወጣው ምርጫ ነው። ማታ ቤታችሁ ስትሠሩ ምን እንደምትሠሩ፣ በምን ቋንቋ እንደምትጽፉ፣ መቼ እንደምታቆሙ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። ሲሰለቻችሁ ትዘጉታላችሁ፤ ለምን ዘጋችሁት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ደመወዝ የሚከፈለው ግን በአብዛኛው ለሚሰለቸው ክፍል ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርጌ ላሳያችሁ። የሰዎችን የልደት ቀን የሚመዘግብ ሲስተም አለ እንበል። ደንበኛው ይደውልና «የአንዳንድ ሰው የልደት ቀን በአንድ ቀን ወደኋላ ተጎትቶ ይታየናል» ይላል። የአንዳንድ ሰው እንጂ የሁሉም አይደለም። እናንተ በራሳችሁ ማሽን ስትሞክሩት ምንም ችግር የለውም። ትሞክራላችሁ፣ ትክክል ነው፤ ደግማችሁ ትሞክራላችሁ፣ አሁንም ትክክል ነው። ደንበኛው ሳይሆን አይቀርም የተሳሳተው ማለት ያምራችኋል። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ጉዱ ይወጣል፦ ፕሮግራሙ ቀኑን ብቻ ማስቀመጥ ሲገባው ሰዓት ጨምሮበት «እኩለ ሌሊት» ብሎ ይይዘዋል፤ ከዚያም ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ወደ ዩቲሲ፣ ይቀይረዋል። ከግሪንዊች በስተምሥራቅ ባለ አገር እኩለ ሌሊት ሲሆን በዩቲሲ ገና ያለፈው ቀን ምሽት ነው። ስለዚህ ወር በገባ በ5 የተወለደችው ልጅ በ4 ተወለደች ተብላ ትመዘገባለች። የእናንተ ማሽን ሲያስቀምጥም ሲያሳይም በአንድ የሰዓት ክልል ስለሚሠራ ስህተቱ እዚያው ተመልሶ ይስተካከልና አይታያችሁም። ቀናቸው ያልተነካው ሰዎች ደግሞ ከድሮ ፋይል በሌላ መንገድ የገቡ ናቸው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። ያቺን መስመር ማግኘት ደስ ይላል፤ ቤታችሁ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅና ዘግታችሁ ትተኛላችሁ። ሥራ ላይ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነው። ተሳስተው የተቀመጡትን ቀኖች ከትክክለኞቹ መለየት አለ፤ በዓይን ሲታዩ ደግሞ አንዱ ከሌላው አይለይም። የተላከ ሪፖርት አለ፤ የታተመ መታወቂያ አለ። ለደንበኛው በሚገባው አነጋገር ምን እንደተፈጠረ መጻፍ አለ። ስህተቱ ተመልሶ እንዳይመጣ መፈተሻ መጻፍ አለ። ያን ኮድ የጻፈው ሰው ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቀ ቆይቷልና እሱ ላይ መነጫነጭ ትርፍ የለውም።

አሁን ራሳችሁን ታዘቡ። ይህን ስነግራችሁ ዓይናችሁ የበራው ያቺ መስመር ስትገኝ ብቻ ነው? ወይስ የተበላሸውን መዝገብ በምን ዘዴ እንደምትለዩት ማሰብ ጀምራችኋል? ማሰብ የጀመረ ሰው በዚህ ሙያ ይዘልቃል ብዬ እገምታለሁ። መስመሯ ብቻ ያስደሰተችው ሰው ኮምፒውተሩን ለማታው ቢያቆየው አይከፋም። ሰነፍ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከእኔ የተሻለ ኮድ የሚጽፉ እንዲህ ዓይነት ሰዎች አውቃለሁ።

ፍሬድ ብሩክስ አይቢኤም በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ኦኤስ/360 የተባለውን ስርዓተ ክወና ግንባታ የመራ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ግምት አስቀምጧል፦ ሰው ለራሱ የሠራው ፕሮግራም ሌሎች እንዲጠቀሙበትና እንዲያስተካክሉት ሆኖ ሲዘጋጅ ድካሙ ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ተናቦ የሚሠራ የሲስተም አካል ሲሆንም እንዲሁ ሦስት እጥፍ፤ ሁለቱም ሲጠየቁ ዘጠኝ እጥፍ። ቁጥሩ ከልምድ የመጣ ግምት ነው፣ ዘመኑም ሌላ ነበር። ነገር ግን በእረፍት ቀኑ የሠራትን ነገር ለሰው ሊያቀርብ የሞከረ ሁሉ ይህን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ከዘጠኙ አንዱ ያ የምትወዱት የእረፍት ቀን ነው። ስምንቱ ሙከራ ነው፣ ሰነድ ነው፣ ጥገና ነው፣ ከሰው ጋር መግባባት ነው።

«ገንዘብ ሲገባበት ፍቅሩ ይጠፋብኝ ይሆን?» የሚል ስጋትም በተደጋጋሚ እሰማለሁ። መሠረተ ቢስ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች መሳል በሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። ከፊሎቹ ልጆች «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባሉ፣ ስለውም ተሸለሙ። ከፊሎቹ ሳያስቡት ተሸለሙ። የቀሩት ምንም አልተሰጣቸውም። ቆየት ብሎ ቀለሙ ክፍላቸው ውስጥ ሲቀመጥላቸው፣ ሽልማት ተስፋ ተደርጎላቸው የሳሉት ከሌሎቹ ባነሰ ጊዜ ነው የሳሉት። ድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀዘቀዘም።

ልጅ አዋቂ አይደለም፤ የልጅ ሽልማትም ደመወዝ አይደለም። ቢሆንም አንድ ነገር ልብ እላለሁ፦ ፍቅሩን ያቀዘቀዘው ስጦታው ራሱ ሳይሆን ቀድሞ የተገባው ውል ነው፤ «ይህን ከሠራህ ያን ታገኛለህ» የሚለው። ለዚህ ነው በኮምፒውተር ለመተዳደር የወሰነ ሰው ሁሉ ለማንም ቃል ያልገባበት አንድ ትንሽ ፕሮጀክት በጎን ይያዝ የምለው። የሚሸጥ አይሁን፤ ሲቪ ላይም አይግባ።

ደግሞ ብዙዎቻችሁ ውሳኔውን በአንድ ጀንበር የሚቆረጥ ነገር አድርጋችሁታል። ወይ ሥራዬን ለቅቄ እገባበታለሁ፣ ወይ እርግፍ አድርጌ እተወዋለሁ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1991፣ አዲስ ስርዓተ ክወና (በኋላ ሊኑክስ የተባለውን) እየሠራ መሆኑን ሲያስታውቅ ለትርፍ ጊዜዬ ብቻ ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ብሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ትምህርቱን ቀጠለ። በ1997 ቺፕ በሚሠራ ኩባንያ ተቀጠረ። የቀን ሥራው ሙሉ በሙሉ ሊኑክስ የሆነው ግን በ2003 ነው። በመካከሉ 12 ዓመት አለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ሊኑክስ ዓለምን አዳርሶ ነበር።

ስቲቭ ወዝኒያክን ደግሞ ተመልከቱ። ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ ካልኩሌተር ላይ ይሠራ ነበር፤ በኋላ አፕል 1 የተባለውን ኮምፒውተር የሠራው በትርፍ ጊዜው ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1976 ሲመሠረትም ወዲያው ሥራውን አልለቀቀም፤ ልቀቅ ሲባል እምቢ ብሎ ነበር። ሐሳቡን የቀየረው አንድ ጓደኛው አለቃ ሳይሆን መሐንዲስ ሆኖ መቀጠል እንደሚችል ካስረዳው በኋላ ነው። ይህ ታሪክ የሚነገረው ስለ ሀብት ሲወራ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ሰውዬው የሚወደው የትኛውን እንደሆነ አጥርቶ ማወቁና እሱን ሳያስጠብቅ ንቅንቅ አለማለቱ ነው።

እና ምን እናድርግ? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ሥራ ሳትለቁ፣ የትምህርት መስክ ሳትቀይሩ፣ ለሌላ ሰው አንድ ነገር ሥሩ። ሰውየው ስለ ኮምፒውተር ብዙ የማያውቅ ይሁን። ቀነ ገደቡን እሱ ይቁረጥ። ጥቂትም ብትሆን ክፍያ ተቀበሉ፤ በነፃ የሚሠራ ሰው በፈለገው ጊዜ ያቆማል፣ የምትፈተኑት ደግሞ እንደፈለጋችሁ ማቆም በማትችሉበት ጊዜ ነው። ዋናው ነገር ካስረከባችሁ በኋላ ለተወሰኑ ወራት ኃላፊነቱ በእናንተ ላይ ይቆይ። ያን ጊዜ ታያላችሁ። ሰውየው እናንተ አስቀያሚ የምትሉትን ለውጥ ይጠይቃል፤ ገንዘቡም ሥራውም የእሱ ነው። በሌላ ነገር ተጠምዳችሁ ሳለ ይደውላል። ወራት ቆይታችሁ የራሳችሁን ኮድ ስትከፍቱት የባዕድ ሰው ጽሑፍ ይሆንባችኋል። በዚህ መካከል ያደረባችሁ ስሜት፣ ከእኔም ከማንም አማካሪም የተሻለ ይነግራችኋል።

ስትሞክሩ በትክክለኛው በር ሞክሩ። የኮምፒውተር ሥራ ሲባል ሁሉም ሰው ፕሮግራመር የሚመስለው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ማሽን መፍታትና መግጠም የሚወድ ሰው ኮድ ፊት ሲቀመጥ ሊታመም ይችላል፤ እሱን ኔትወርክና ሰርቨር ይስማማው ይሆናል። የተጠቃሚን ችግር ሰምቶ በትዕግሥት ማስረዳት የሚሆንላቸው ሰዎች አሉ፤ ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጌም መጫወት የሚወድ ደግሞ ይጠንቀቅ። ጌም ፈታሽ ሆኖ መቀጠር ማለት አንዱን ደረጃ፣ አንዱን ግድግዳ፣ አንዱን ዝላይ እስኪበላሽ ድረስ እየደጋገሙ መሞከርና እንዴት እንደተበላሸ መጻፍ ማለት ነው።

ስለ ገንዘብ ረጅም አልናገርም። በቅጥር መሥራትና በፍሪላንስ፣ ማለትም ሳይቀጠሩ በየሥራው እየተከፈሉ፣ መሥራት ሁለት የተለያየ ኑሮ ነው፤ ፍሪላንሰር ከጊዜው ቀላል የማይባለውን ሥራ በመፈለግ፣ ዋጋ በመደራደርና ክፍያ በመጠየቅ ያጠፋል። ለጥቂት ወራት የሚያዘልቅ ጥሪት ሳትይዙ ደመወዝ አትልቀቁ።

«አሁን ኮዱን ማሽን እየጻፈው እኛ ምን እንሠራለን?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልመልሰው። ያቺን የልደት ቀኗን መስመር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም በጥቂት ሴኮንድ ሊጽፋት ይችላል። የትኛው መዝገብ እንደተበላሸ ከደንበኛው ጋር ተቀምጦ የሚያጣራ፣ የተጻፈው ልክ መሆኑን የሚፈትሽ፣ ስህተት ሲገኝም «ኃላፊነቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል። ማሽኑ እያቀለለ ያለው በአመዛኙ ያንን ከዘጠኙ አንዱን እጅ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ያፈቀራችሁትን። ስለዚህ በቀሩት ስምንት እጆች ደስ የማይለው ሰው ከበፊቱ ይልቅ አሁን ቆም ብሎ ያስብ።

አንዲት የማውቃት የሒሳብ ባለሙያ አለች። ለራሷ ክፍል ትንንሽ ፕሮግራሞች ትጽፋለች፤ ሦስት ሰው ወሩን ሙሉ ሲያመሳክረው የነበረውን ደረሰኝ የእሷ ስክሪፕት ያመሳክረዋል። ወደ አይቲ ክፍል ተዛወሪ ሲሏት እምቢ አለች። «እዚያ ብገባ የሌላ ሰው ችግር ነው የምፈታው፤ እዚህ የራሴን ነው» አለችኝ። ሒሳቡን የማያውቅ ፕሮግራመር ያንን ስክሪፕት አይጽፈውም፤ ኮድ የማያውቅ ሒሳብ ሠራተኛም አይጽፈውም። ሙያችሁን ሳትለቁ ኮምፒውተሩን ወደ ሙያችሁ ማምጣት የተሸነፈ ሰው ምርጫ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የዚህችን ሴት ጠረጴዛ በወር መጨረሻ ማየት ነበረባችሁ፤ ወረፋ ነው።

የመጨረሻ ነገር ልበል። ሞክራችሁት መልሱ «አይሆንም» ከሆነ፣ የሠራችሁለትን ሰው ሜዳ ላይ ጥላችሁት አትሂዱ። የይለፍ ቃሎቹን አስረክቡት፤ ሲስተሙ እንዴት እንደሚነሳና መጠባበቂያ ቅጂው የት እንደሚቀመጥ በአንድ ገጽ ጻፉለት፤ ከእናንተ በኋላ ማን እንደሚረዳው አብራችሁ ፈልጉለት።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።