ማስጠንቀቂያ ግንባታ አያቆምም
(በወረዳ ምክር ቤትና በነዋሪዎች የጋራ ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የሰፈሬ ሰዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ስለ ሕገወጥ ግንባታ ቁጥጥር ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። የተሰጠኝን ጊዜ አብዛኛውን ለአንድ ሕንፃ አውለዋለሁ። የትኛው እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

የግንባታ ፈቃዱ ጂ ፕላስ ሁለት፣ ማለትም ምድር ቤቱና ከላዩ ሁለት ፎቅ፣ ነበር። የመጨረሻው ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ኮንክሪት፣ ተሞልቶ የኮለኑ ፌሮ፣ የምሰሶው ብረት፣ ወደ ላይ ተርፎ ሲቀር፣ «ይሄ ነገር አላለቀም» ተባባልን። አመለከትን። ባለሙያ መጥቶ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም «ግንባታ አቁም» ብሎ ጻፈ። ሥራው ቆመ። ከዚያ በቅዳሜና በእሁድ ቀጠለ፤ ቢሮ ዝግ ነዋ! ሌሊት ሚክሰር ሲጮህ ያደረበት ሰፈር ይመስክር። ሦስተኛው ፎቅ ተሞላ። ደግመን አመለከትን። «ማስጠንቀቂያ ሰጥተናል» አሉን። አራተኛው ተሞላ። በመጨረሻ ለሳኞች መጡና ቀዩን ጽሑፍ መረጉት። ትስቃላችሁ፤ እኛም ያኔ ስቀናል።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። መሠረቱ የተሰላው ለሦስት ወለል ነው፤ የተጫነበት አምስት። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከ12 ሜትር በላይ የሚረዝምን ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ ነው ያስገባው። በአዋጁ መሠረት ምድብ «ሐ» ሕንፃ ያለ መጠቀሚያ ፈቃድ ሰው አይገባበትም። ፎቅ ተጨምሮበት ሕንፃው ምድቡን ሲቀይር ፋይሉ ባለበት ቀረ። ዛሬ እዚያ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ተከፍቷል።

በዚያው ሰሞን ምን ሆነ? ቡና የምታፈላው እህታችን ለዝናብ የወጠረችውን ሸራ ደንብ አስከባሪዎች በአንድ ጠዋት አነሱት። ጀበናዋን ሳይቀር ጭነው ሄዱ። መሬት በሕገወጥ መንገድ ለያዘ ሰው እንኳ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 የሰባት የሥራ ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። ለእሷ ሰባት ደቂቃም አልተሰጣት። ሸራው ሕጋዊ ነበር አላልኩም። ግን ስለ ሕንፃው ስንጠይቅ «የሰው ኃይል የለንም» ይሉናል። ጀበና የሚጭነው ሰውና መኪና ከየት መጣ?

እናንተ የምክር ቤት አባላት፣ አስፈጻሚውን እንድትቆጣጠሩ ነው የመረጥናችሁ። ሪፖርት ሲቀርብላችሁ ስንት ማስጠንቀቂያ እንደተጻፈ ይነበብላችኋል። እናንተም ታጨበጭባላችሁ። ከእነዚያ መካከል ስንቱ ግንባታ በእርግጥ እንደቆመ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሄዳችሁስ አይታችኋል? ከዚህ አዳራሽ በእግር የሚደረስ እኮ ነው!

ወንዝ ዳር ስለሚሠራውና የፍሳሽ መስመር ላይ ስለታጠረው አጥርም የምለው ነበረኝ። ሰዓቴ ስላለቀ በጽሑፍ አስገባለሁ።

ይሄ ሕንፃ ግን ለጽሑፍ የሚቆይ አይደለም። ከሚቀጥለው ጉባኤያችሁ በፊት ፈቃዱን ከሰጠው ቢሮ ውጭ የሆነ መሐንዲስ ይመርምረው። ውጤቱም ወላጆች ልጆቻቸውን በሚያደርሱበት በር ላይ ይለጠፍ።

አመሰግናለሁ።